ቀዮቹ ሁሉ ሴቶች መስለውኝ

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬም ቡናማው ዓሣ ከገንዳው ሣር ሥር አልወጣም። ምግቡን በተንኩ፤ አምስቱ ሚስቶቹ ተሻምተው ጨረሱትና እሱ ቅጠሉ ውስጥ እንደተወሸቀ ቀረ። ሆዱ ተነፍቷል። የጅራቱ ጫፍም ተበልቷል። አምስት ሚስት አግብቶ ሰላም ያገኘ ማን አለ፣ እኔ ምን ላድርግህ አልኩት። ቢሆንም አሳዘነኝ።

ባለቤቴ አዱኛ ጦርነቱ ሲነሳ ከካርቱም ይዞት የወጣው አንድ ጀሪካን ብቻ ነበር። እዚህ ጠረፍ፣ ኮኪት ደርሶ ምግብ ቤቴ በር ላይ ሲቀመጥ ዘይት መስሎኝ "ትሸጠዋለህ?" አልኩት። ክዳኑን ከፍቶ አሳየኝ። ዓሦች! ጋራዡ፣ ቤቱ፣ አልጋው፣ ሁሉም እዚያ ቀርቷል። "ሌላው ይተካል፤ እነዚህን ግን ማን ያጠጣልኛል?" አለ። ዓሣ ማጠጣት! በዚህ ንግግሩ ነው መሰለኝ የወደድኩት። ከተጋባን በኋላ የብስኩት መደርደሪያዬን መስታወት አውልቆ ገንዳ ሠራላቸው፤ ከሽንፋ ወንዝ ሣር ነቅሎ ተከለበትና ከመመገቢያው ክፍል ጥግ አቆመው።

ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ቀዮቹ ሂና የተቀባች ሴት ይመስላሉና ሙሽሮቼ አልኳቸው። አንዱ ግን ቡናማ ነው፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለበት፣ ግሪስ የነካው ዓይነት። "ይሄ አንተ ነህ፣ መካኒኩ" ብዬ አዱኛ አልኩት። ባለቤቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ይህን ያህል ምን ያስቃል ብዬ ተኮሳትሬ ነበር።

በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ ትራክተሮቻችንን ጠግንልን ብለው የድሮ አሠሪዎቹ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ጠሩት። ለመስከረም እመለሳለሁ አለ። "እስክመጣ እንዳያልቁብኝ፣ አደራ።" መስከረም አለፈ፣ ጥቅምትም አለፈ። በነሐሴ አንዴ ደውሏል፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። ሂና መቀባቱንም ትቻለሁ። ለማን ብዬ?

እንግዲህ በእጄ ያለው አደራው ነው። አሁን ደግሞ ቡናማው ሊሞትብኝ ነው። ጎንደር የጌጥ ዓሣ የሚሸጠው ፍቅሩ ጋ ደውዬ አራት ወንድ እንዲልክልኝ አዘዝኩ። ጓደኛ ይሆኑታል፤ ሚስቶቹንም ይጋሩታል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ጉድ ፈላ።

የአይሱዙ ሹፌሩ ጌጡ ዓሦቹን ከጎንደር በላስቲክ ከረጢት ይዞልኝ መጣ። መንገዱን ሙሉ ጭኑ ላይ አድርጎ ነው ያመጣቸው፣ ተባረክ። ዘርግፌ ሳያቸው አራቱም ቀይ! ደሜ ፈላ። እዚያው ቆሜ ለፍቅሩ ደወልኩ።

"ወንድ ላክ ስልህ ሴት ትልክብኛለህ?"

"ኧረ እትዬ ስንዱ፣ ወንድ ናቸው።"

"እኔ ዓይን የለኝም? ቀይ ናቸው እኮ!"

"ታዲያ ቀዩ አይደል ወንዱ። ሴቷ ቡናማ ናት፣ ሆደ ሰፊ፣ መስመር ያላት።"

ስልኩን እንደያዝኩ ወደ መስታወቱ ዞርኩ። ሆደ ሰፊ። መስመር ያላት። አጠገቤ ምሳ የሚበሉት የቀን ሠራተኞች ነገሩ ሲገባቸው ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ወጥ ቤቴን የሚይዙት የጎጃሟ እትዬ ብርቄ ማማሰያቸውን እንደያዙ ብቅ አሉና "አንቺ፣ አውራ ዶሮ አይተሽ አታውቂም? ማን ነው የሚያጌጠው?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን እዚህ ጠረፍ ላይ ቀይ እጅ ካየሁ ባለሂና ሴት ናት፤ አቧራና ቅባት የለበሰ ካየሁ ወንድ ነው። ሌላ ምን ላስብ?

ደግሞ ከመደወሌ በፊት ከድሮዎቹ ጋር ደባልቄያቸዋለሁ። ችኩል!

ስለዚህ አምስቱ ሙሽሮቼ ወንዶች ነበሩ። አሁን ዘጠኝ ወንድ፣ አንዲት ሴት። አዱኛ ብዬ ስድስት ወር ሆዴን የዘረገፍኩለት ዓሣ ሴት ነው። ያንን ሁሉ ወሬ ለማን ነው ያወራሁት? መጀመሪያ እኔም ሳቅኩ። ማታ ጠረጴዛ ስጠርግ ግን አለቀስኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ፍቅሩ በደንብ አስረዳኝ። በመንጋ የሚኖሩ ናቸው፤ ከስድስት ቢያንሱ ይፈራሉ። ግን ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። ሴቶቹ ከወንዶቹ መብለጥ አለባቸው፣ ቢቻል በእጥፍ። ሴቶቹ ሲበዙ ማሳደዱ ለሁሉም ይዳረሳል፣ ማንም አይጎዳም። ወንዱ ሲበዛ ግን አንዷን ያባርሯታል፤ አርፋ አትበላም፣ አርፋ አትተኛም፣ በመጨረሻ ትሞታለች። የሆዷ ማበጥም በሽታ ሳይሆን እንቁላል ነው አለኝ። እኔ ደግሞ ጭንቀት ነው ብዬ ሳስታምማት ነበር።

"ለብቻዋ ላውጣት?"

"ብቻዋንም ትፈራለች። ሣሩን አብዢላትና ሴቶች እስክልክልሽ ጠብቂ።"

አራት ሴት አሉት፤ በምትካቸው ወንዶች ልመልስለት። ጌጡ የሚሄደው እሑድ ነው። እስከዚያ እሷ ከቆየች ማለት ነው።

ቀኑን ሙሉ ዓይኔ እሷ ላይ ነበር። ቅጠሉን ለቃ ብቅ ስትል ሦስት አራቱ ይከተሏታል፤ ከምድጃ ኋላ እስክትደበቅ ያሯሯጧታል ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ከምድጃ ኋላ የምደበቀው ለካ እኔ ነኝ። ሰሊጡ ታጭዶ ማሽላው ስለደረሰ ኮኪት በወንድ ተጥለቅልቃለች። "እመቤት፣ ባልሽ የታለ?" "እመቤት፣ ብቻሽን አይበርድሽም?" በኮኪት ሙቀት ማን ይበርደዋል! እኔም መልስ አላጣም። ግን ይደክማል።

አቶ ባየህ እንደሌሎቹ አይደሉም። የእህል ነጋዴ ናቸው፣ ሚስታቸው ከሞተች ቆይቷል። የከርከዴ ሻያቸውን ይዘው መስታወቱ ፊት ይቀመጣሉ፣ አፋቸው ንጹሕ ነው። ዛሬ ሲወጡ ግን "ስንዱ፣ ሱዳን የዋጠውን አይተፋም" አሉኝ። ብርጭቋቸውን አንሥቼ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ይመጣል አለማለቴ እስካሁን ያናድደኛል።

ሐሙስ፣ የሚካኤል ዕለት

ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ። ሌላው ለልጁ፣ ለእህሉ ይለምናል። እኔ ስለ ባሌ ለምኜ ስጨርስ ስለ ዓሣ ልጨምር ስል አፈርኩ። ከዚያ ግን ሚካኤል ያልሰማው ጉድ የለም ብዬ ጨመርኩት።

ጠረፉ በኩል የመጡ ሁለት ሹፌሮች ምሳ በሉ። እንደ ልማዴ ጠየቅኳቸው። ረጅም፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው፣ የትራክተር መካኒክ። አንዱ "ሐበሻ መካኒክ ብዙ ነው እናቴ" አለኝ። እናቴ አለኝ። ይህን ያህል አረጀሁ?

የናፈቀኝ እኮ ትልቅ ነገር አይደለም። ከሥራ ሲመጣ እጁን በሳሙና አሽቶ አሽቶ፣ የጥፍሩ ሥር ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። በዚያ እጁ ነው ሣሩን አንድ በአንድ የሚያስተካክለው። ምግብ ስሰጠው በዐረብኛው "ተማም" ይላል፣ ምርጥ ነው ማለቱ ነው፤ ጨው ቢበዛም ተማም፣ ቢያርም ተማም። ጨው እንደበዛ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ አላውቅም፤ ተማም የሚለኝ ነው ያጣሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

መብራት ጠፋ። የአየር ፓምፑ ቆመ፣ ሙቀቱም ለጉድ። እርጥብ ጆንያ በመስታወቱ ዙሪያ ጠመጠምኩና በኩባያ እየቀዳሁ ከላይ አፈስ ጀመር፤ አየር እንዲገባላቸው አዱኛ ያሳየኝ እንደዚያ ነው። ክንዴ ሲዝል ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ፣ ማሽላ አጫጅ ነው፣ ኩባያውን ተቀበለኝ። ከዚያ ጓደኞቹም። ምሳ የበላ ሁሉ ተራ ያዘ። ማክሰኞ የሳቁብኝ እነሱ ናቸው እኮ።

ሰይድ እያፈሰሰ "ወላሂ፣ እዚህ ውስጥ ያለነው እኛው ነን። አንድም ሴት ሳናይ ወር እንገፋለን፣ ከዚያ እርስ በርስ እንቧቀሳለን" አለ። ሚስቱ አራስ ናት፤ የልጁን ፊት አላየም። ፎቶ ላኩልኝ ብሎ ኔትወርክ ባለበት ጉብታ ላይ ሁልጊዜ ይወጣል። "ማንን ይመስላል?" ብዬ ስጠይቀው "ገና አልወረደም፣ እየዞረ ነው" አለኝ። ስልኩ ላይ ያለችውን የምትዞር ክብ አሳየኝ። ሳቅን። ከዚያ ወደ ውሃ መቅዳቱ ተመለስን።

መብራቱ ሲመጣ እሷ አለች። ቅጠሉ ሥር፣ ግን አለች። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14፣ ቅበላ

ነገ የነቢያት ጾም ይገባልና ቤቱ ጥብስ ጥብስ ሲሸት ዋለ። አንዱ ሰካራም መስታወቱን እያየ "ዓሣ ለጾም ይፈቀዳል አይደል?" አለ። እትዬ ብርቄ በማማሰያ አባረሩት።

አቶ ባየህ ሰው ሲቀንስ ጠሩኝ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄዱም፣ በቀጥታ ተናገሩ። "ጾሙ ይፈታና ለገና ሽማግሌ ልላክ?"

"እኔ ባል አለኝ፣ አቶ ባየህ።"

"የት?"

ክፋት የለበትም አጠያየቃቸው። ለዚህ ነው የከበደኝ። እጄ ወደ ጥጉ ጠቆመ፤ ወደ መስታወቱ። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅ። ሰውዬው ለረጅም ጊዜ አዩት፣ ከርከዴያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። "እሺ፣ እግዜር ያምጣልሽ" አሉ።

ከዚያ የሚሄዱትን ልለይ ተቀመጥኩ። ጌጡ ነገ ማለዳ ይወጣል። ሒሳቡ ቀላል ነበር፤ አራት ሴት ከመጡ ከእሷ ጋር አምስት ይሆናሉ፣ ስለዚህ ሦስት ወንድ ይበቃል፣ ስድስቱ ይሂዱ። የአዱኛ ከሆኑት ሦስት ላስቀር፣ ሌሎቹ ይሸኙ።

የትኞቹ ናቸው የአዱኛ?

ዘጠኙም ቀይ። ዘጠኙም እኩል። ማክሰኞ የደባለቅኩት እኔው ነኝ። ከግንቦት ጀምሮ በየቀኑ ሳያቸው ከርሜ እንግዳውን ከቤተኛው መለየት አቃተኝ። አንዱን ብቻ አወቅኩት፣ የላይ ክንፉ የተሰነጠቀውን፤ የቀረው ጠፋኝ። ባሌን በሰው መሐል ባየው እለየዋለሁ? ጠባሳውን አስታውሳለሁ። ድምፁን ግን ለማስታወስ ስሞክር "ተማም" ብቻ ነው የሚመጣልኝ። ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ በጣም ፈራሁ።

በእርግጠኝነት የእሱ የሆኑት ባለስንጥቁና ቡናማዋ ናቸው። እሷን ካጣሁ ከዚያ ጀሪካን የሚቀረኝ አንድ ባለስንጥቅ ብቻ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ባለስንጥቁን አስቀረሁ፣ ሁለቱን ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ። ስድስቱን ለጌጡ ሰጠሁት። "ሲያለቅሱ አባብላቸዋለሁ" አለ። አሽሟጣጭ!

እሷን በሰፊው ሳፋ አወጣኋት። ፍቅሩ ብቻዋን አትሁን ብሏል፤ ግን ከሦስቱም ጋር ብትሆን ዛሬን አታድርም፣ ጎኗ ተልጧል። እንዳትፈራ የምትወሸቅበትን ሣር ሙሉውን ነቅዬ አብሬ አስገባሁላት። ሳፋውን ከመስታወቱ አጠገብ፣ ወንበር ላይ አኖርኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

በላች! ስድስት ወር ያላየሁት ነገር፤ ወደ ላይ ወጥታ ከውሃው ፊት ላይ ቀለበች። ሆዷ ግን ሟሟ፣ ከሳች። ጌጡ ጎንደር ደርሷል፤ መንገዱ ተዘግቷልና መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። እሷስ ጓደኛ ሳታገኝ ስንት ቀን ትቆይ ይሆን?

ስልኩን ሞከርኩት። አይጠራም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ሳፋው ውስጥ አቧራ የገባ መስሎኝ በጭልፋ ልቀዳው ነበር። አቧራው ሸሸኝ!

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዓይን አላቸው። እንደ ሽፋሽፍት የቀጠኑ፣ ሁለት ነጥብ ዓይን ያላቸው፣ ሣሩ ላይ ተንጠልጥለው። ለፍቅሩ ደውዬ ጮኼ ነገርኩት። እንቁላሉን ቅዳሜ ወይ እሑድ ሣሩ ላይ ጥላው ኖሯል፤ እኔ ነቅዬ ይዤው መጣሁ። "እናትየዋን አሁኑኑ ለይ፣ ልጆቿን ትበላለች!" አለኝ። አይ እናት! በሌላ ሳፋ ለየኋት። የሚበሉት የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ነው፣ እንደ ዱቄት ልሞ።

የዛሬው ትልቁ ጦርነት በዚህ ተነሣ። እትዬ ብርቄ በጾም ምድጃቸው ላይ እንቁላል ሲያዩ አማተቡ።

"እንቁላል? በነቢያት ጾም?"

"ለዓሣ ነው፣ እትዬ።"

"ዓሣም ይጹም!"

"ሕፃናት ናቸው እኮ። ከሰባት ዓመት በታች ይጾማል እንዴ?"

አሰቡበት። ከዚያ በአሮጌ ጣሳ፣ ከግቢ ውጭ፣ በሦስት ጉልቻ እንድቀቅል ፈቀዱ። አስኳሉን ስበትንላቸው ግን አብረውኝ ሳፋው ላይ አጎንብሰው "የታሉ? የታሉ? ውይ፣ የእግዜር ሥራ!" ሲሉ ዋሉ።

የአዱኛ ዘር ነው። ስንት እንደሆኑ አልቆጠርኩም፣ መቁጠር ዓይን ያስበላል።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ደወለ።

በማላውቀው የሱዳን ቁጥር። "ስንዱዬ" ሲል ያን ጊዜ ድምፁ ሁሉ መጣልኝ፤ እንዴት ረሳሁት ብዬ እንደፈራሁ ገረመኝ። ስልኩን መንገድ ላይ ቀምተውታል፣ ታሞም ነበር፣ አሁን ከገዳሪፍ ወጥቶ ዶካ ደርሷል። መኪና ካገኘ እሑድ ጋላባት፣ የጠረፉ ድልድይ ጋ ይደርሳል። ካገኘ።

ስንት ወር ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። እንዴት እንደተቆጣሁ፣ እንዴት እንደናፈቀኝ። ከአፌ የወጣው "ቀዮቹ ሁሉ ወንዶች ናቸው!" የሚል ሆነ።

ሳቀ። ያንን ሳቅ፣ እንባው የወረደበትን።

"ታውቅ ነበር!"

"አውቅ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም? ሴቷን በስምህ ስጠራት!"

"ስትጠሪኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቤት ውስጥ ሁለት ቦታ አዱኛ ሲባል…" ድምፁ ተቆራረጠ። "አለች?"

"አለች። ወልዳለች።"

ሰምቶ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ መስመሩ ተቋረጠ። እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፣ ሰደብኩት፣ ደግሞ ሳቅኩ። ሰው ሁሉ አየኝ። ይየኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21፣ የጽዮን ማርያም

መንገዱ ተከፈተ። ጌጡ ረፋድ ላይ አራት ቡናማ ዓሣ ይዞ ገባ፤ ሆደ ሰፊ፣ መስመር ያላቸው። በዚህ ጊዜ አንድ በአንድ አየኋቸው፣ ሁለተኛ አልሞኝም። መጀመሪያ እነሱን፣ ከዚያ እሷን ገንዳው ውስጥ ከተትኩ። ሦስቱ ቀዮች ወዲያው መጡ፤ አንዱ አንዷን ሲከተል ሌላይቱ ታልፈዋለች፣ እሷን ሲል ሦስተኛዋ። ግራ ተጋቡ። ከምሳ በኋላ ስምንቱም አንድ ላይ ሆነው ገንዳውን ይዞሩ ነበር፣ ቡናማዋም ከመሐል። ከገዛ ጥግዋ ወጥታ መሐል ስትዋኝ አይቻት አላውቅም ነበር።

አቶ ባየህም አዩ። "አሁን ደኅና ሆኑ" አሉና ወደ እኔ ዞረው "ነገ ማለዳ መኪናዬ መተማ ትወርዳለች፣ ድልድዩ ድረስ ታድርስሽ" አሉኝ። ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ።

ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ዶካ ቅርብ ናት፣ መንገዱ ግን አይታመንም። ካልመጣ ሰኞም እሄዳለሁ። ሕፃናቱን እትዬ ብርቄ ይመግባሉ፤ እንቁላሉን ከግቢ ውጭ፣ በጣሳ።

ይህን በበር ላይ፣ ከሰዓት ፀሐይ ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ግራ እጄ በላስቲክ ተጠቅልሏል። እትዬ ብርቄ "በጾም ሂና?" ብለው ሲያጉረመርሙ ቆዩና በመጨረሻ ያቦኩልኝ እሳቸው ናቸው። ቀኝ እጄን ለመጻፊያ ብዬ አቆይቼው ነበር፤ አሁን ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል፣ ሂናው ሊደርቅ ነው እያሉ።